የቶሪቢዮ ሦስተኛ ድግስ

«ያዛት! ጭራዋን ያዝ! አንተ ጫማ፣ ምን ቆመህ ታያለህ?»

የነጂው የአቡንዲዮ ጩኸት ከገደሉ ማዶ ሳይመለስ ሲልቬሪዮ የበቅሎዋን ጭራ ጨብጦ ነበር። የኋላ እግሮቿ ከመንገዱ ወጥተው አየር ይረግጣሉ። ከቺዋዋ ከተማ ይዞት የመጣው ጫማ ጠጠሩ ላይ አንሸራተተውና በጉልበቱ ተደፋ፤ ጭራውን ግን አልለቀቀም። በቅሎዋ እያቃሰተች፣ ድንጋይ እየናደች ወጣች። ጀርባዋ ግን ባዶ ነበር። ጠፍሩ ተበጥሶ ጭነቱ ቁልቁል ይንከባለላል። የዶክተሩ ልብስና መድኃኒት ያለበት ሣጥን ከአንድ የጥድ ግንድ ጋር ተላትሞ ቆመ። ሌላው ሣጥን ሦስት ጊዜ ነጠረና ተበረገደ።

ዶክተር ቶብለር በአንድ እጃቸው መነጽራቸውን፣ በሌላው ሣር እየጨበጡ ወረዱ። እኚህ ከስዊዘርላንድ የመጡ ረጅም ሰው ሁለት ወር ሙሉ በነዚህ ተራሮች ሲዞሩ አንድ ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም። አሁንም አልጮሁም። በሱፍ ጨርቅ የተሸፈኑትን፣ እያንዳንዳቸው ኩባያ የሚያካክሉ የሰም ጥቅሎች አንድ በአንድ እያነሡ ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁ። የተሰነጠቀው ይንኳኳል።

«ስንት ተረፈ?» አለ ሲልቬሪዮ በስፓኝኛ።

«ሁለት» አሉ። «ከሃያ አራቱ ሁለት።»

ፎኖግራፉ ራሱ ከነናስ ቀንዱ በሌላኛዋ በቅሎ ላይ ስለነበር ምንም አልሆነም። ድምፅ የሚቀዳበት ሰም ነው ያለቀው።

«ሁለትም ይበዛል» አለ አቡንዲዮ ጠፍሩን እየቀጠለ። «እነዚህ ሰዎች እንደሆኑ አይናገሩም። ይዘው ወርደው ዝምታ ቀዳሁ ይበሉ።»

«እነዚህ ሰዎች» ሲባል ሲልቬሪዮ ራሱን ከነሱ ይቁጠር አይቁጠር ሁልጊዜ ግራ ይገባዋል። በዘጠኝ ዓመቱ ከዚህ ተራራ ወርዶ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ከተማ ተምሮ፣ አሁን በአስተርጓሚነት መመለሱ ነው። እዚያ «ባላገሩ» ይሉት ነበር፤ እዚህ ደግሞ ገና ዘመዶቹ ዘንድ ሳይደርስ «ጫማ» ሆኗል።

አቡንዲዮ ሰማዩን በአገጩ አመለከተ። «ደመናውን አያችሁት? ከዛሬ ጀምራችሁ ቁጠሩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት በረዶ ጣለም አልጣለም እኔ ወደ ታች ነኝ። በቅሎዎቼን በማንም ዘፈን አልለውጥም።»

ዶክተሩ ከዋና ከተማው ሙዚየም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው የመጡት የነዚህን ተራሮች ነዋሪዎች፣ የራራሙሪዎችን ቋንቋና ዜማ ሊመዘግቡ ነው። ደብተራቸው ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ ቃላት አሉ። ዜማ ግን አንድም የለም። በየመንደሩ የተሰጣቸው መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ዜማ ከፈለጋችሁ ቬናንሲዮ ዘንድ ሂዱ።» ቬናንሲዮ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ያስተማሯቸውን ሁለት ጎረምሶች ባለፈው የብርድ ወራት ፈንጣጣ ወስዶባቸዋል። ሽማግሌው ካለፉ ዜማውም አብሮ ማለፉ ነው። ሥራው ከሰመረ ደግሞ ዶክተሩ ለሲልቬሪዮ በሙዚየሙ ውስጥ ወንበርና ጠረጴዛ ሊያሰጡት ቃል ገብተውለታል።

የቀራቸው እንግዲህ አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ጥቅል ሰምና አራት ቀን ነው።

ከቬናንሲዮ ቤት ሃምሳ እርምጃ ሲቀራቸው ሲልቬሪዮ የዶክተሩን ክንድ ያዘ።

«እዚህ እንቀመጥ። ፊታችንን ወደ ገደሉ አዙረን።»

«ሰው አለ እኮ። ጣሪያው ላይ ይታየኛል።»

«ስላለ ነው የምንቀመጠው።»

ተቀመጡ። ሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም፤ ባለቤቱ ሊያይህ እስኪፈልግ ጀርባህን ሰጥተህ ትጠብቃለህ። ሲልቬሪዮ ይህን ያስታወሰው በሐሳቡ አልነበረም፤ ጉልበቱ በራሱ ታጠፈለት። ዶክተሩ የኪስ ሰዓታቸውን አራት ጊዜ አወጡ። ከኋላቸው በቆሎ ሲገላበጥ ይሰማል። ፀሐይ ከጥዱ ጫፍ ወደ ግንዱ ስትወርድ የመሰላሉ እንጨት ተንቋቋ፤ ቬናንሲዮ መጡና አንድ ክንድ ያህል ርቀው፣ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ተቀመጡ።

«መጣችሁ» አሉ።

«መጣን፣ አባባ።»

«አረማመድህን ሳየው ቆየሁ። የቶሪቢዮ ልጅ ነህ።» ቁልቁል አዩት። «እግርህን ምን ነካው? ቀበርከው እንዴ?»

«ጫማ ነው፣ አባባ።»

«ቀበርከው ማለት ነው።»

ሲልቬሪዮ ሳቀ። ሳቁ ደስ ስላላቸው ሽማግሌው ያ በበቅሎዋ ላይ የሚያበራው የናስ ቀንድ ምን እንደሆነ ጠየቁ። የሰማውን ሁሉ እንዳለ መልሶ የሚናገር፣ አንዴ የያዘውን ደጋግሞ የሚል መሣሪያ መሆኑን ነገራቸው። ቬናንሲዮ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልገረማቸውም። «ሚስቴም እንደዚያው ነበረች» አሉ።

ዶክተሩ ወሬው የሰመረ መስሏቸው ጎንበስ አሉ። «የዝናቡን ዜማ ጠይቅልኝ። ያን ሁሉም የሚያወራለትን።»

ሲልቬሪዮ እንዳለ ተረጎመው።

ሽማግሌው ዞረው ጣሪያቸውን አዩ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ በቆሎ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል። ቀጥለው ዶክተሩን አዩ። ቀጥለው ሲልቬሪዮን።

«ይኼ ጢማም ጤነኛ ነው? በቆሎዬ ተሰጥቶ ዝናብ ጥራ ይለኛል? እሱስ እንግዳ ነው። አንተ ይኼን ከአፍህ ስታወጣ አላፈርክም?»

የሲልቬሪዮ ፊት ጋለ። ይህን የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እሱም በአምስት ዓመቱ ያውቀው ነበር።

ዶክተሩ ነገሩን ውሃ እንደበላው ከሁለቱ ፊት ሲረዱ ሦስት የብር ፔሶ አውጥተው ድንጋዩ ላይ ደረደሩ። ቬናንሲዮ አንዱን አንሥተው ገለበጡት፤ ንስሩን፣ ንስሩ በአፉ የያዘውን እባብ ተመለከቱ።

«ምሳውን እየበላ ነው» አሉና መለሱት። «አልቀማውም።»

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ስማ፣ የቶሪቢዮ ልጅ። ዜማ ሥራ ነው። እርሻ ሳይኖር ዶማ ያነሣ ሰው አይተሃል? አየሩን ልቆፍር? ሥራ ያለበት ሰው ጠላ ጠምቆ ይጠራኛል፤ እሄዳለሁ፣ እሠራለታለሁ። ይኼ ሰውዬ ምን ሥራ አለው? ሥራ ያለብህስ አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አባትህ ሁለት የሽኝት ድግስ በልቷል። ሦስተኛውን እየጠበቀ ነው። ከሞተ ሦስት ዓመቱ፣ እስከ ዛሬ ደጅ ለደጅ ይዞራል። ባለፈው ጨረቃ ፍየሎቼን በተነብኝ። እሱ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ያው እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ነው የሚነዳቸው።»

ለሲልቬሪዮ የአባቱ መርዶ በደብዳቤ የደረሰው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። ያን ዕለት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጀርባ ቆሞ አልቅሶ፣ በማግሥቱ ፈተና ተቀምጧል። «ያለቀ መስሎኝ ነበር» አለ።

«ማን ይጨርሰው? በሦስተኛው ድግስ ሂድ የሚለው ልጁ ነው። ልጁ ደግሞ እግሩን ቀብሮ ከተማ ተቀምጧል።» ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «ጠላው ሲደርስ ጥሩኝ።»

ዶክተሩ ይህ ሁሉ ሲተረጎምላቸው ዓይናቸው በራ። «ታዲያ በድግሱ ላይ ይዘፍናሉ! ያኔ እንቀዳቸዋለን!»

ሲልቬሪዮ ተነሥቶ ወደ እናቱ ቤት መንገድ ጀመረ።

የእናቱ የሉቴሪያ ቤት ጋ የደረሱት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሲልቬሪዮ ከደጃፉ ወዲህ ቆመ። እንደ እንግዳ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ? ወይስ እንደ ልጅ ይግባ? ገና ሲያወጣ ሲያወርድ እናቱ ብቅ አለች። አጥራለች፤ ወይም እሱ ረዝሟል።

«ምን ትገተራለህ? ስትገባ እንጨት ይዘህ ግባ።»

እንጨቱን ታቅፎ ገባ። የጣቶቹን ጫፍ በጣቶቿ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ሰላምታ ይኸው ነበር። በግድግዳው ጥግ ሦስት ትልልቅ ጋኖች ተደርድረዋል። ቤቱ ብቅል ብቅል ይሸታል።

«እማዬ፣ ይኼ ጠላ የማን ነው?»

«የአባትህ። አንድ ነጋዴ ልጅሽን ወንዙ መሻገሪያ ላይ አየሁት ሲለኝ ያኔውኑ በቆሎውን በጥድ ቅጠል ቀብሬ አበቀልኩት። ከነገ ወዲያ ይደርሳል።»

«ባልመጣስ ኖሮ?»

«ጎረቤት ይጠጣዋ። ጠላ ሰው አጥቶ ያውቃል?» ጋኑን ከፍታ አሸተተችና መልሳ ከደነችው። «ለእኔ ስትደግስ ግን አራት መሆኑን አትርሳ። ሴት እንደ ወንድ አትሮጥም፤ ቶሎ ውጪ ቢሏት አትወጣላችሁም።»

የቬናንሲዮንም፣ የቀንዱንም ነገር ነገራት። ውጭ ዶክተሩ ድንኳናቸውን ሲተክሉ፣ አቡንዲዮም ሲስቅባቸው ይሰማል።

«ድግሱ ለአባትህ ነው ወይስ ለቀንዱ?» አለችው።

ሲልቬሪዮ አባቱን ሲያስብ ጠረጴዛው ይመጣበታል፤ ጠረጴዛውን ሲያስብ ፍየል የሚበትን ሰው። «አላውቅም» አለ።

«ደግ። ዋሽተህ ቢሆን በዚህ ማማሰያ ነበር የምልህ። ሂድ ውሃ ቅዳ።»

ውሃ ቀዳ። በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ እንጨት ለቀመ፣ ወደ ጎረቤት ሸንተረሮች እየሮጠ ጥሪ አደረሰ። ጎረቤቶቹ «እንግሊዝኛ ተናገር እስቲ» እያሉ አፌዙበት፤ የማይችል መሆኑን ቢነግራቸውም አላመኑትም። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ፍየሉን አርዶ እጁን ሲታጠብ ዶክተሩ መጡ። ፎኖግራፉን ደጅ ለድግሱ ከተተከለው መስቀል በስተግራ፣ ነፋስ ከማይመታው ቦታ ለማቆም አስበዋል።

«ከሣጥኑ አይወጣም» አለ ሲልቬሪዮ።

«ምን?»

«ዛሬ ቀንዱ አይቆምም፣ ዶክተር።»

«ሲልቬሪዮ፣ ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

«አውቃለሁ።»

«ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ ዘፍነው ጠዋት ድምፅ አይኖራቸውም። ጠጥተውም ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ ብርዱ ነው፤ ከብርዱ በኋላ ማን ያውቃል? ዜማው ጠፋ ማለት ነው። ላንተስ ወንበር ምን ይዤ ቀርቤ ልጠይቅ?»

«ይገባኛል። ግን ቀንዱ ከቆመ ዓይኔ ከሱ አይነቀልም። ይሠራ ይሆን፣ ሰሙ ያልቅ ይሆን እያልኩ። አባቴን ማን ይሸኘዋል?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉ። «አባትህ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቢያንስ የሚፈለጥ እንጨት ካለ ስጡኝ።» ሲፈልጡ ዋሉ፤ ሴቶቹ ለማገዶ የማይሆነውን ፍልጥ እየለዩ ከበስተኋላቸው ሲስቁ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ተሰበሰበ። በመስቀሉ ሥር የቶሪቢዮ ዕቃዎች ተደረደሩ፤ መጥረቢያው፣ ብርድ ልብሱ፣ በውድድር ጊዜ በእግሩ እየመታ ተራራ ለተራራ የሚከተላት የእንጨት ኳስ። ያለ ጨው የተቀቀለ ሥጋና አንድ ቅል ጠላ ቀረበለት። ሉቴሪያ ልጇን በክርኗ ጎነጠችው።

«ንገረው።»

«ምን ልበለው?»

«ያለውን።»

የሲልቬሪዮ ቋንቋ እንደ ደረቅ ገመድ ከጉሮሮው እየተጎተተ ወጣ። «አባዬ፣ ስትሞት አልነበርኩም። ደብዳቤው ዘገየ። እኔም ዘገየሁ። ተሸኝተህ ያለቀልህ መስሎኝ ነበር። ይኸው ሥጋህ፣ ይኸው ጠላህ፣ ኳስህም ይቺውት። ብላና ሂድ። እማዬን አታስቸግራት። የአባባ ቬናንሲዮንም ፍየሎች ተዋቸው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲልቬሪዮ ሊያስቃቸው አልነበረም የተናገረው፤ ሳቁን ሲሰማ ግን እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ቬናንሲዮ ጠጠር የተሞላች ቅላቸውን አንሥተው ጀመሩ። ዜማው መንገድ ነው። ሟቹን ከደጃፉ ያስነሣዋል፣ ምንጩ ጋ ውሃ ያጠጣዋል፣ ኮረብታውን ያወጣዋል፣ ከጥድ ወደ ጥድ እየመራ የሰማዩ ዳር እስኪደርስ በየቦታው ያሳርፈዋል። አንዱ ጉዞ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ ሲልቬሪዮም በጫማው ከሽማግሌው ጎን እየረገጠ አደረ። ዶክተሩ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል።

ሲነጋ ድንጋዩ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል። አቡንዲዮ በቅሎዎቹን ጭኖ የመጨረሻውን ቋጠሮ እያጠበቀ ነው። ቬናንሲዮ እሳቱ ዳር ተቀምጠው የበቆሎ በሶ በቅል ይጠጣሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሻክሯል።

«ያ ቀንድ የት አለ?»

ሲልቬሪዮ ጆሮውን አላመነም። «አባባ፣ ሥራው አልቋል እኮ። ያለ ሥራ አልዘፍንም ብለው ነበር።»

«ማን አለቀ አለህ? ሙታን ጆሯቸው ከባድ ነው። አንዴ ሂድ ብትለው፣ ምን አልከኝ ብሎ ይመለሳል። ቀንዱ የሰማውን ደጋግሞ ይላል አላልከኝም? ይበልለታ! ቶሪቢዮ እንደሆነ በሕይወት እያለም ሦስቴ ካልጠሩት አይመጣም ነበር።»

«ዶን አቡንዲዮ!» ብለው ጮኹ ዶክተሩ፤ በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ጩኸታቸው ነበር። «ያቺን በቅሎ አውርዷት!»

«አሁን አይደል እንዴ የጫንኳት! ውርጩ ጣቴን ሊቆርጠኝ ነው!» አቡንዲዮ እያጉረመረመ አወረደ። ካወረደ በኋላ ግን ከማንም ቀድሞ ከፊት ተቀመጠ።

ዶክተሩ ቁልፉን ጠመዘዙ፣ ሰሙን አስገቡ፣ መርፌውን አሳረፉ። ቬናንሲዮ ወደ ቀንዱ አፍ ዘፈኑ። ሰሙ ሲያልቅ ዶክተሩ ብናኙን በብሩሽ ጠርገው መልሰው አጫወቱት። ከቀንዱ ውስጥ ቀጭን፣ የሩቅ፣ ግን የማይሳሳት የሽማግሌ ድምፅ ወጣ። ሉቴሪያ አፏን በመዳፏ ያዘች። አቡንዲዮ አማተበ።

ቬናንሲዮ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ማነው ይኼ ሰውዬ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«እኔ እንደዚህ አልቸኩልም። ሰማኸው? ምንጩን ዘለለው! ቶሪቢዮ ውሃ ሳይጠጣ ሊሄድ ነው? እንደገና በሉት።»

እንደገና አጫወቱት። ቀንዱ እንደገና ምንጩን ዘለለ።

«አሁንም! ነግሬው የለም እንዴ!»

ሰው በሳቅ ተንፈራፈረ። ዶክተሩ ግን ሰሙ በተጫወተ ቁጥር እንደሚላጭ ስለሚያውቁ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ጥቅል አወጡ። ቬናንሲዮ ጉሮሯቸውን በበሶ አርጥበው በእርጋታ ጀመሩ። ምንጩ ጋ ሟቹን አሳረፉ፣ በደንብ አጠጡት፤ ወደ ኮረብታው ወጡ። ኮረብታው ላይ መርፌው ከሰሙ ዳር ደርሶ ቆመ።

«ምን ሆነ?»

«ሰሙ አለቀ» አለ ሲልቬሪዮ።

«ቶሪቢዮ ኮረብታው ላይ ነው እኮ ያለው! ከዚያስ ማን ያሻግረዋል?»

ሌላ ሰም አልነበረም። ሲልቬሪዮ ለዶክተሩ ተረጎመላቸው፤ ዶክተሩ ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። ሽማግሌው ቀንዱን በትዝብት አዩት።

«ይኼ ነገር ልፋት አይችልም» አሉ። «ስትነግረው አይማርም፣ መንገድ ላይም ይሰንፋል።» ወደ ሲልቬሪዮ ዞሩ። «አንተስ? ሌሊቱን ሙሉ ከጎኔ ነበርክ። ምን ያዝክ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ የያዘ ቀሪውን ይማራል። ብርዱ እስኪያልፍ በምከርምበት ዋሻ ውስጥ ምን ሥራ አለኝ?»

አቡንዲዮ በቅሎዋን መልሶ ጭኖ ከመንገዱ ራስ ላይ ጠራ። ሲልቬሪዮ ዶክተሩን አየ። ጠረጴዛው፣ መብራቱ፣ የወር ደመወዙ በዓይኑ ዞረ። ዶክተሩ የተነገረበትን ቋንቋ ባይሰሙም ነገሩ ገብቷቸዋል።

«ወንበሩ ይጠብቅሃል ብዬ አልዋሽህም» አሉ። «ላይጠብቅህ ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«ቀሪውን ትጽፈዋለህ?»

«እጽፈዋለሁ። ከተማርኩት።»

ዶክተሩ አንድ ባዶ ደብተርና አራት እርሳስ ሰጡት። የጣቶቹን ጫፍ በጣቶቻቸው ጫፍ፣ ባልለመደ እጅ፣ ነካ አድርገው ወረዱ። የበቅሎዎቹ ኮቴ ከሸንተረሩ በታች እስኪጠፋ ሲልቬሪዮ ቆመ። ስሕተት መሥራቱን አለመሥራቱን አያውቅም ነበር። ከዚያ መጥቶ እሳቱ ዳር ተቀመጠ።

«በል» አሉ ቬናንሲዮ ቅሏን አንሥተው።

ከደጃፉ ጀመረ። ምንጩ ጋ ደረሰ፣ አጠጣው። ኮረብታውን አወጣው። ከዚያ አንዱን ጥድ ዘለለ። ቅሏ ቆመች። እንደገና ጀመረ፤ አሁን ጥዱን አገኘና ቀጣዩ ማረፊያ ላይ ተሳሳተ። እናቱ ጋኑን እያጠበች ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ።

«አትሳቂ፣ ሉቴሪያ። ከቀንዱ ይሻላል» አሉ። «ይኼኛው ቢያንስ የሚሳሳተው በየጊዜው ሌላ ቦታ ነው።»